ቫሌታ፦ ቁልቁለቱን በእግር፣ ዳገቱን በሊፍት

የማልታ ዋና ከተማ ቫሌታ በካርታ ስትታይ የግማሽ ቀን ሥራ ትመስላለች። ከከተማው በር ጫፏ ላይ እስካለው ምሽግ፣ ፎርት ሴንት ኤልሞ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቷ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ካርታው የሚደብቀው ዳገቱን ነው። ያኔ ደሴቲቱን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች በ1565ቱ (እ.ኤ.አ.) የኦቶማን ከበባ ማግስት ከተማዋን ሲቆረቁሩ ኮረብታውን ሊደለድሉት አስበው ነበር። ጠላት ተመልሶ ይመጣል በሚል ጥድፊያ ሐሳቡን ተዉትና መንገዶቹን እንደ ደብተር መስመር ቀጥ አድርገው በኮረብታው ላይ ዘረጉ። ስለዚህ ከዋናው መንገድ፣ ከሪፐብሊክ ጎዳና፣ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ወደ ባሕር መውረድ ነው፤ አንዳንዱ ጎዳና እንዲያውም ደረጃ ብቻ ነው።

እኔም ውሎዬን ያቀድኩት በዚሁ ነው፦ ጠዋት ከአናቱ ጀምሮ መውረድ፣ መውጣቱን ለሊፍት መተው። አብዛኞቹ የደሴቲቱ አውቶቡሶች የሚያራግፉት ከከተማው በር ውጭ፣ ትሪቶን ፋውንቴን አጠገብ ስለሆነ ሲደርሱ አናቱ ላይ ነዎት።

መጀመሪያ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል፣ ገና እንደተከፈተ። ውጭው ደረቅ ምሽግ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ወርቅ በወርቅ ነው። ወለሉ በሙሉ የፈረሰኞች መቃብር ሲሆን ባለቀለም እብነ በረድ ተቆራርጦና ተገጣጥሞ አፅምና የጋሻ ዓርማ ተሠርቶበታል። ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ የተከለከለው ለዚህ ነው፤ የሰው ክብደት በጠባብ ነጥብ ሲያርፍ ድንጋዩን ይጎዳዋል። ትከሻም መሸፈን አለበት፤ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው። በጸሎት ክፍሉ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ በ1608 (እ.ኤ.አ.) የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ አለ። ሠዓሊው ስሙን የፈረመበት ብቸኛ ሥራው ነው፤ ፊርማውን ከታች፣ ከአንገቱ በፈሰሰው ደም ውስጥ ይፈልጉት።

ከዚያ አፐር ባራካ ወደተባለው የአትክልት ቦታ። ከአትክልቱ ሥር ያለው መድፍ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ይተኮሳል። ከላይ ሆኖ ማየት ነጻ ነው፤ አጥሩን የሚይዘው ግን ቀድሞ የመጣ ነውና ሩብ ሰዓት ቀደም ማለት ያዋጣል።

ከአትክልቱ አጠገብ ያለው ሊፍት 58 ሜትር ነው፤ ከታላቁ ወደብ ዳር እስከ አናቱ ያወጣል። ለቁልቁለቱ ደረጃውን ይጠቀሙ። ዝናብ ካለ ግን ይጠንቀቁ፤ ኖራ ድንጋዩ በዘመናት እግር ስለለሰለሰ ያንሸራትታል። በሌላው በኩል፣ ከወደቡ ማዶ ካለችው ከተማ፣ ከስሊማ፣ የሚመጣው ጀልባ በሚያርፍበት ዳር፣ እንዲህ ያለ ሊፍት የለም። ስለዚህ ያንን ጀልባ ለመመለሻ ይዤዋለሁ። ባሕሩ ከተናወጠ ይቆማልና ያኔ ወደቡን የሚዞረው አውቶቡስ ነው አማራጩ።

በመንገድ ላይ የቅዱስ ጳውሎስ የመርከብ ስብራት ቤተ ክርስቲያንን እንዳያልፉት፤ መግቢያው በጠባብ መንገድ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 መላጥያ የተባለችው ደሴት ይህችው ናት።

ማደሪያ ሲይዙ ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት ስንተኛ ፎቅ እንደሆነና ሊፍት እንዳለው ይጠይቁ፤ አሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ የላቸውም። ባለጎማ ሻንጣ በደረጃ ጎዳና ላይ ሸክም ነው። ሶኬቱ ባለሦስት እግሩ የእንግሊዝ ዓይነት ነው። መኪናም በግራ ስለሚሄድ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዩ። ከተማው በር ላይ አውቶቡሱ ባዶ ሆኖ ስለሚነሳ መቀመጫ ይገኛል፤ ከመሃል ፌርማታ ለመሳፈር ግን እጅ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ከሞላም አይቆምም።

ሃይፖጂየም የተባለውን የምድር ውስጥ መቃብር የሚፈልግ ትኬቱን ከአውሮፕላን ትኬቱ ጋር ይቁረጥ። የሚገኘው በአቅራቢያው ፓኦላ ነው። የሰው ትንፋሽና እርጥበት ጥንታዊውን ቀይ ቀለም ስለሚያበላሽ በአንድ ዙር 10 ሰው ብቻ ይገባል፤ ትኬቱም ከሳምንታት በፊት ያልቃል። ላመለጠው፣ ለማግስቱ የሚሆኑ ጥቂት ትኬቶች ፎርት ሴንት ኤልሞ በአካል ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው ከመደበኛው ይበልጣል፣ ሰልፉም በጠዋት ነው።