ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?

ከሠርጋችን በኋላ በመጣው ሁለተኛ ፋሲካ፣ አማቴ በረካውን እየቀዱ «ልጄ፣ ለቁልቢው ገብርኤል ጥላ ተስዬልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ አትጨነቂ» አሉኝ። ከደግነት የመጣ ንግግር እንደሆነ ያን ጊዜም አልጠፋኝም፤ ሆኖም የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሳቸው ጊዜውን የሚቆጥሩት «ውለዱ ክበዱ» ተብለን ከተመረቅንበት ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። እኔና ባለቤቴ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ላለመውለድ ተስማምተን ስለነበር፣ በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋ ነበር፤ የመጨረሻውን የተወጋሁት በጥር 2013 ዓ.ም. ነው።

በነሐሴ ወር ፍርሃቱ ሲበረታብኝ ብቻዬን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ከተጋባችሁ ምን ያህል ጊዜ ሆናችሁ? አንድ ዓመት ከሰባት ወር አልኩ፤ ወዲያው የማህፀን ቱቦ ራጅ ታዘዘልኝ። ሕመሙን የተነሣችበት ሴት ታውቀዋለች። ቱቦዎቼ ክፍት መሆናቸው ሲነገረኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ተጨነቅሁ፤ ቱቦው ክፍት ከሆነ ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ያየችኝ ሌላ ሐኪም ግን ወረቀቶቼን ከመግለጧ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፤ የመጨረሻውን መርፌ መቼ ተወጋሽ? ባለቤትሽስ የት አለ?

የሦስት ወሩ መርፌ መከላከል የሚችለው ለሦስት ወር ያህል ቢሆንም፣ ካቆሙት በኋላ እንቁላል በወጉ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ብዙ ወራት ሊወስድ እንደሚችል፣ ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርግዝና ያለው ጊዜም በአማካይ 10 ወር ገደማ እንደሆነ ያን ዕለት ሰማሁ። በየሰፈሩ «መርፌው ማህፀን ያደርቃል» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ያዘገያል እንጂ አያመክንም። እንክብሉን፣ ክንድ ሥር የሚቀበረውን ወይም ሉፑን ለተጠቀመች ሴት ይህ መዘግየት ያን ያህል የለም። በአገራችን ከዘመናዊ መከላከያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚወሰደው መርፌው ሆኖ ሳለ፣ ይህን ቀድሞ የሚነግረን ሰው ማጣታችን ያሳዝነኛል።

ከዚህ ውጭ ያለው ሒሳብም ቢሆን ሰው ከሚጠብቀው የረዘመ ነው። ጤነኛና ወጣት የሆኑ ባልና ሚስት በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ከ100 ከ20 እስከ 25 ያህል ብቻ ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ግንኙነት ከሚያደርጉ 100 ጥንዶች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ80 በላይ የሚሆኑት ያረግዛሉ፤ ከቀሩትም ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ይሳካላቸዋል። ሐኪሞች ምርመራ የሚጀምሩት ሙከራው አንድ ዓመት ሲሞላው የሆነው ስለዚህ ነው፤ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ግን ስድስት ወር ይበቃል፤ የወር አበባዋ ከተዛባ ደግሞ ያንንም መጠበቅ አያስፈልግም።

ወጥ ቤታችን በር ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የወር አበባዬን በቀይ እስክርቢቶ እያከበብኩ፣ ከዚያ 14 ቀን ቆጥሬ ያችን አንዲት ቀን እጠብቅ ነበር። የኔ ዑደት ግን 32 ቀን ነው፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ክቦቹ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደፊት እየተጓዙ ቆይተው፣ ጳጉሜን ስትገባ ድንገት ወደኋላ ይመለሳሉ። 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ከሚቀጥለው የወር አበባ ወደኋላ መሆኑን፣ ስለዚህም የእኔ እንቁላል የሚወጣው በ18ኛው ቀን አካባቢ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ከአንድ ቀን በላይ አትቆይም፤ የወንዱ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ሊጠብቃት ይችላል። ስለዚህ ቀን እየቆጠሩ ከመጨነቅ በየሁለት ሦስት ቀኑ መገናኘት ይሻላል አለችኝ ሐኪሟ፤ ቀይ እስክርቢቶውን ያን ዕለት አስቀመጥኩት።

ባለቤቴ ለመመርመር ሁለት ሳምንት አመነታ። ነውር መስሎት እንጂ ክፋት አልነበረውም፤ ለመውለድ ከሚቸገሩት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ችግር እንደሚኖርበት ሐኪሟ ስትነግረው ዝም ብሎ አዳመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጠዋት ናሙናውን እንዳይቀዘቅዝ ጃኬቱ ውስጥ በደረቱ ይዞ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላብራቶሪ ለመድረስ ታክሲ ኮንትራት ያዘ። እኔ ራጅ ክፍል ብቻዬን ከገባሁባት ቀን ይልቅ ያቺ ጠዋት ትበልጥብኛለች። ውጤቱ ደህና ነበር። ባይሆንም ኖሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል እንዳለ ነግራን ነበር፤ ይህን መስማት ብቻውን ልብ ያሳርፋል።

ያረገዝኩት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። በአማቴ ቆጠራ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር፣ ከመጨረሻው መርፌ ሲቆጠር 13 ወር፣ መርፌው መከላከሉን ካቆመበት ሲቆጠር ደግሞ 10 ወር መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ለአማቴ አስረዳኋቸው፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሰሙኝ። ስለታቸውንም አላስቀሩም፤ ልጄ በተወለደች ዓመት በታኅሣሥ 19 ጥላውን ይዘው ቁልቢ ወረዱ። ሲመለሱ፣ ካገባች ዓመት የሞላትን የባለቤቴን ታናሽ እኅት ሰዎች «አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?» ሲሏት ሰሙና ቀድመው መለሱላቸው፤ «ተዉዋት፣ መርፌውን ካቆመች ገና ሁለት ወሯ ነው።»