የሚቀጥለው ዓመት የብሪታንያ ቴኒስ፦ ከአውቶቡስ ጋራዥ የተጻፈ ትንበያ

በደቡብ ለንደን በምሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ፣ የገና መብራት መሰቀል በሚጀምርበት ሰሞን፣ በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ የፈረቃ ድልድል ወይም የኃላፊዎች ማሳሰቢያ አይደለም፤ የብሪታንያ ወንድ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች የሚመጣውን የውድድር ዘመን በዓለም ስንተኛ ደረጃ ላይ ሆነው እንደሚጨርሱና በለንደኑ ታላቅ ውድድር በዊምብልደን እስከ የትኛው ዙር እንደሚዘልቁ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚገምትበት ሰንጠረዥ ነው። ከየሰው አንድ አንድ ፓውንድ ይዋጣል፤ ግምቱ ለእውነታው የቀረበለት ሰው ገንዘቡን ይወስዳል። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ በእግር ኳሱ በየስልካቸው ይወራረዳሉ፤ ቴኒሱ ግን በወረቀት የቀጠለው፣ ከመስመሮቻችን አንዱ በዊምብልደን ሜዳ ደጃፍ ስለሚያልፍና በጁን መጨረሻ ያ መንገድ በሕዝብ ሲጨናነቅ ጨዋታው ወደድንም ጠላንም የእኛ ጉዳይ ስለሚሆን ይመስለኛል።

ከአገሬ ስወጣ የማውቀው ስፖርት ሩጫና እግር ኳስ ብቻ ነበር። ቴኒስን በቁም ነገር መከታተል የጀመርኩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 5 ቀን 2012፣ በለንደን ኦሊምፒክ እሑድ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ጠዋት በዝናብ ውስጥ ባንዲራ ይዘን ቆመን ሳለ ቲኪ ገላና የሴቶቹን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፣ በአዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልብሳችን ሳይደርቅ ሻይ ልንጠጣ በገባንበት ቤት ሕዝቡ ቴሌቪዥኑን ከቦ ብሪታንያዊውን የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪን ይመለከት ነበር። መሪ ከአራት ሳምንት በፊት በዚያው በዊምብልደን ሜዳ በሮጀር ፌደረር ተሸንፎ በሕዝብ ፊት ያለቀሰ ሰው ሲሆን፣ በዚያ ቀን ግን ፌደረርን 6-2፣ 6-1፣ 6-4 ረታው። በዓመቱ ዊምብልደንን አሸንፎ፣ ከ1936ቱ ፍሬድ ፔሪ ወዲህ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ብሪታንያዊ ወንድ ሆነ። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ራኬቱን ሲሰቅል የወረቀታችንም ጥያቄ ተለወጠ፤ ከዚያ በፊት «መሪ የት ይደርሳል?» የነበረው «ወራሹ ማን ነው?» ሆነ።

አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ወረቀቱን የሚሞሉት በፍቅር ነው፤ የሚወዱትን ተጫዋች ወደ ላይ፣ የማይወዱትን ወደ ታች። እኔ ደግሞ እንደ መንግሥት ሒሳብ ሹም ከነጥቡ እጀምራለሁ። በቴኒስ የዓለም ደረጃ የሚሰላው ባለፉት 52 ሳምንታት በተሰበሰበ ነጥብ ነው፤ አንድ ተጫዋች ባለፈው ማርች ያገኘውን ነጥብ በዘንድሮው ማርች እንደገና ካላገኘ ከሒሳቡ ይሰረዝበታል። ከዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች (ግራንድ ስላም) አንዱን ያሸነፈ 2000፣ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ 400፣ በመጀመሪያው ዙር የተሰናበተ 10 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ የሚመጣውን ዓመት ለመገመት ሁለት ጥያቄዎች ይበቁኛል፤ የተጫዋቹ ነጥብ የተከማቸው በየትኛው ወር ነው? ሰውነቱስ በዚያ ወር በምን ሁኔታ ላይ ይሆናል? በሯጮቻችን የእግር ጉዳት ሲጨነቅ ላደገ ኢትዮጵያዊ ሁለተኛው ጥያቄ አዲስ አይደለም።

በዚህ ሚዛን ጃክ ድሬፐርን ስመዝነው፣ ክፍሉ ሁሉ ከሚጠብቀው በታች ላስቀምጠው እገደዳለሁ። ችሎታው አያጠራጥርም። በግራ እጁ የሚጫወት ረጅምና ጉልበተኛ ወጣት ነው፤ በ2024 በዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በያኒክ ሲነር ሲሸነፍ በሙቀቱ ብዛት ሜዳው ላይ አስመልሶት እንኳ አላቋረጠም። በማርች 2025 በኢንዲያን ዌልስ ካርሎስ አልካራዝን በግማሽ ፍጻሜ፣ ሆልገር ሩነን በፍጻሜው 6-2፣ 6-2 አሸንፎ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ አሥር ገባ፤ በማድሪድ በቀይ አፈር ላይ ለፍጻሜ ደርሶ በካስፐር ሩድ ተሸነፈ፤ በጁን አራተኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። በዊምብልደን በሁለተኛው ዙር በማሪን ቺሊች ተሸነፈ፤ የግራ ክንዱ የላይኛው አጥንት መጎዳቱ ታወቀ፤ በዩኤስ ኦፕን አንድ ዙር አሸንፎ ከሁለተኛው ራሱን አገለለ፤ የውድድር ዘመኑንም በዚያው ዘጋ። ይህን በምጽፍበት በ2025 ማብቂያ ላይ ወደ መደበኛ ውድድር አልተመለሰም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ድሬፐር ዓመቱን የጨረሰው ወደ 3 ሺህ በሚጠጋ ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ 200ው በጃንዋሪ በአውስትራሊያ አራተኛ ዙር በመድረሱ፣ 330ው በፌብሩዋሪ በዶሃ ለፍጻሜ በመቅረቡ፣ 1000ው ደግሞ በማርች በኢንዲያን ዌልስ ዋንጫ የተገኘ ነው። ማርች አጋማሽ ላይ ሲደረስ 1530 ነጥብ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሀብቱ፣ እንደ አዲስ ካላሸነፈው በቀር ይሰረዛል ማለት ነው፤ ማድሪድ ሲደርስ ሌላ 650 ይከተላል። ከረጅም የክንድ ጉዳት የተመለሰ ተጫዋች፣ ያውም ኃይሉ ሁሉ ኳሱን በሚያስጀምርበት ምት (በሰርቩ) ላይ የቆመ ሰው፣ በነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ያንን ሁሉ እንደገና ይሰበስባል ብሎ መጠበቅ ለእኔ ይከብደኛል። ከዚህ ቀደም ከመሪ ጋር ለብዙ ዓመታት የሠራው ጄሚ ዴልጋዶ አሠልጣኙ ሆኖ መምጣቱ ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ የተጎዳ ሰውነት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በቅርብ ያየ ሰው ነውና። ስለዚህ ድሬፐርን በጸደይ ወራት ከመጀመሪያዎቹ 20 ወጥቶ፣ በዓመቱ መጨረሻም 22ኛ እንደሚሆን አድርጌ ጻፍኩት። ከመቀሌ የመጣ አንድ ወጣት ሹፌር ትከሻዬ ላይ ቆሞ ይህን ሲያነብ፣ «ጋሼ፣ ፓውንድዎን ከአሁኑ ለእኔ ቢሰጡኝ ይሻላል» አለኝ። እርሱ ስምንተኛ ብሎታል።

ቁጥር አንድ ብሪታንያዊ ይሆናል ብዬ ያሰፈርኩት ካሜሮን ኖሪን ነው፤ በማረፊያ ክፍሉ ብዙ ክርክር ያስነሳውም ይኸው ነው። ኖሪ የተወለደው በጆሃንስበርግ ነው፤ አባቱ ስኮትላንዳዊ፣ እናቱ ዌልሳዊት ሲሆኑ ያደገው በኒውዚላንድ ኦክላንድ ነው፤ በወጣትነቱ ለኒውዚላንድ ይጫወት ነበር። ወደ ለንደን የመጣው በ16 ዓመቱ ነው፤ ለብሪታንያ መጫወት የጀመረው በ2013 ሲሆን ከዚያም በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ተማረ። «እርሱ እኮ የእኛ አይደለም» የሚሉ የጋራዡ ሰዎች አሉ፤ የሚገርመው ግን ይህን አጥብቆ የሚናገረው ራሱ ከሌላ አገር በሕፃንነቱ የመጣ ባልደረባችን መሆኑ ነው። በእኔ ግምት እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። የኖሪ አጨዋወት ለዓይን አይስብም። በግራ እጁ ከፍ አድርጎ የሚያሽከረክረው ፎርሃንድና ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ የሚሄደው ባክሃንዱ ተቃዋሚውን ያደክማሉ እንጂ ተመልካችን ከመቀመጫው አያስነሡም። ሳንባው ግን የረጅም ርቀት ሯጭ ሳንባ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ሐበሾቹ የምንወደው።

ኖሪ በ2021 ኢንዲያን ዌልስን አሸንፏል፤ በ2022 በዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በኖቫክ ጆኮቪች ተሸንፏል፤ በዚያው ዓመት እስከ ስምንተኛ ደረጃ ወጥቷል። በ2024 በክንድ ጉዳት ወደ ታች ወረደ፤ በ2025 ወደ ፈረንሳዩ ግራንድ ስላም ወደ ሮላን ጋሮስ የሄደው 81ኛ ሆኖ ነበር። እዚያ በመጀመሪያው ዙር ዳኒል ሜድቬዴቭን በአምስት የጨዋታ ክፍል (ሴት) አሸነፈና እስከ አራተኛው ዙር ቀጠለ፤ በዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ በኦክቶበር በፓሪስ የዓለም ቁጥር አንድ የነበረውን አልካራዝን 4-6፣ 6-3፣ 6-4 ረታ፤ በሜትስ ለፍጻሜ ደረሰ። በዓመቱ ሦስት ጊዜ፣ በጄኔቫ፣ በሮላን ጋሮስና በዩኤስ ኦፕን፣ መንገዱን የዘጋበት ጆኮቪች ነበር፤ ጆኮቪች ደግሞ አያረጅም አይባልም። ከሁሉም በላይ እኔን ያሳመነኝ የነጥቡ አቀማመጥ ነው፤ የኖሪ ነጥብ አብዛኛው ከሜይ ወዲህ የተገኘ ስለሆነ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል የሚያጣው እጅግ ጥቂት ነው። በአውስትራሊያ ባለፈው ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ስለተሸነፈ፣ አንድ ጨዋታ እንኳ ቢያሸንፍ ትርፍ ነው። ድሬፐር በሚወርድበት ሰሞን እርሱ ይወጣል፤ በማርች መጨረሻ መንገዳቸው ይሻገራል ብዬ አምናለሁ። ዓመቱን 19ኛ ሆኖ ይጨርሳል፤ በዊምብልደን ግን ባለፈው ያገኘውን 400 ነጥብ ለመድገም በቀላል ድልድል መውደቅ ይኖርበታል፤ አራተኛ ዙር ብዬ ጽፌያለሁ።

ጃኮብ ፈርንሊ ሌላው ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ያፈራው ልጅ ነው። በስኮትላንድ አድጎ፣ በ2024 ክረምት 277ኛ ሆኖ በዊምብልደን ጆኮቪችን እስከ አራተኛው የጨዋታ ክፍል ድረስ አስጨነቀው፤ በዓመቱ ውስጥ ከመቶ ውስጥ ገባ፤ በጁን 2025 ወደ 49ኛ ወጣ። ሆኖም በአውስትራሊያና በሮላን ጋሮስ ሦስተኛ ዙር በመድረሱ ያገኘው መቶ መቶ ነጥብ በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ውጤቱም ቀዝቅዟል። ለጥቂት ወራት ከመቶ ውጭ ወጥቶ በ85ኛነት ይጨርሳል የሚል ግምት አለኝ። ዳን ኤቫንስ 35 ዓመቱ ነው፤ አንድ ጥሩ ሣር ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ስም ያሸንፋል፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅም። ከማን ደሴት የመጣው፣ በቫን ውስጥ እያደረ አውሮፓን በውድድር የዞረው ቢሊ ሃሪስም ከመቶ ውጭ ይቆያል፤ ልቤ ግን ከእርሱ ጋር ነው።

ከአዳዲሶቹ ሁለቱን ልብ ብዬ አይቻለሁ። አርተር ፌሪ በፈረንሳይ ተወልዶ በዚሁ በዊምብልደን ሰፈር ያደገ፣ በስታንፎርድ የተማረ ልጅ ነው፤ አባቱ ሎሪያን የተባለውን የፈረንሳይ እግር ኳስ ክለብ በ2009 የገዛ ባለሀብት በመሆኑ የጉዞ ወጪ አያሳስበውም። በ2025 ዊምብልደን 20ኛ ሆኖ የተመደበውን አሌክሴይ ፖፒሪንን አሸንፏል። ቁመቱ አጭር ቢሆንም እግሩ ፈጣን ስለሆነ 120ኛ ሰጥቼዋለሁ። ኦሊቨር ታርቬት ደግሞ በዚያው ውድድር 733ኛ ሆኖ በማጣሪያ አልፎ፣ አንድ ዙር አሸንፎ፣ በማዕከላዊው ሜዳ ከአልካራዝ ጋር ተጫውቷል። የሁለተኛው ዙር ሽልማት 99 ሺህ ፓውንድ ነበር፤ ነገር ግን በሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበረ፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ደንብ ከወጪው በላይ በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር የበለጠ እንዲወስድ አልፈቀደለትም። በጋራዡ ውስጥ ከውጤቶቹ ሁሉ ይልቅ የተወራው ይህ ነው፤ ገንዘቡን ቢያገኝ ምን ያደርግበት እንደነበር እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዕቅድ ነበረው።

ይህ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ለትንበያው ትልቅ ትርጉም አለው። በዚህ የሚያልፉ ተጫዋቾች ዘግይተው ይበስላሉ፤ ኖሪ ከፍተኛ ደረጃውን የያዘው በ27 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ፌሪን ወይም ፈርንሊን በአንድ ዓመት ውጤት መጣል አይገባም። በሌላ በኩል አንድ ብሪታንያዊ በ2026 የነጠላ ግራንድ ስላም ያነሣል ብሎ የጻፈ ሰው ፓውንዱን ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥ ይሻለው ነበር፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ስምንቱንም ዋንጫዎች ሲነርና አልካራዝ እኩል ተካፍለዋቸዋል።

ወረቀታችን ላይ የጥንድ ጨዋታ ቦታ የለውም፤ ይህም ትልቅ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ብሪታንያ በእርግጥ ጠንካራ የሆነችው እዚያ ነው። በ2025 ጁሊያን ካሽና ሎይድ ግላስፑል ዊምብልደንን ሲያሸንፉ፣ ከ1936 ወዲህ ይህን ያደረጉ የመጀመሪያው ሁለቱም ብሪታንያዊ የሆኑ የወንዶች ጥንድ ሆኑ፤ ዓመቱንም የዓለም ቁጥር አንድ ጥንድ ሆነው ጨረሱ። ሄንሪ ፓተን ደግሞ ተጫዋች ከመሆኑ በፊት በዊምብልደን የጨዋታ አኃዝ መዝጋቢ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ከፊንላንዳዊው ሃሪ ሄሊዮቫራ ጋር በ2024 ዊምብልደንን፣ በ2025 አውስትራሊያን አሸንፏል። በኖቬምበር በቱሪን በተካሄደው የዓመቱ መዝጊያ ፍጻሜም ያሸነፉት ሌሎቹን ብሪታንያውያን፣ ጆ ሳልስበሪንና ኒል ስኩፕስኪን ነው። ካሽና ግላስፑል በጁላይ 2000 ነጥብ ስለሚጠበቅባቸው ከቁጥር አንድነት ይወርዳሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ከአራቱ ግራንድ ስላም ቢያንስ በአንዱ የወንዶች ጥንድ ዋንጫ ላይ ግን የብሪታንያዊ ስም እንደሚጻፍ አልጠራጠርም። በለንደን ያላችሁና ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ለማዕከላዊው ሜዳ ትኬት ገንዘብ አትጨርሱ፤ በዊምብልደን የመጀመሪያ ሳምንት ጠዋት በጊዜ ተሰልፋችሁ የግቢ መግቢያ ትኬት ከገዛችሁ፣ የጥንድ ጨዋታዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚደረጉት በውጪዎቹ ሜዳዎች ስለሆነ ከተጫዋቾቹ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጣችሁ ታያላችሁ።