ሉት እንዴት እንደምንካፈል፦ ከአዳማው ቡድናችን

አዳማ ውስጥ አልቢዮን ኦንላይን የሚባለውን የኢንተርኔት ጨዋታ የምንጫወት ልጆች ቡድን አለን። አስር አንሞላም። ግማሾቻችን ፍራንኮ አካባቢ ነን፣ የቀረነው ፖስታ ቤትና ዩኒቨርሲቲው ዙሪያ። ጨዋታው ነጻ ነው። በስልክም በኮምፒውተርም በአንድ አካውንት ይሠራል። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ሰርቨር ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ፒንጋችን (ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘን ፍጥነት) ተሻሻለ፣ አብረን መውጣትም አበዛን። አብሮ መውጣት ሲበዛ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ የተገኘውን ሉት፣ ማለትም ከጨዋታው የምናገኘውን ዕቃ፣ ማን ይውሰድ?

ብዙ ሰው "እኩል ተካፈሉ፣ አለቀ" ይላል። አያልቅም። ቦስ (ትልቁን ጭራቅ) መግደል የማያቅታቸው ጠንካራ ጊልዶች፣ ማለትም የተጫዋች ማኅበሮች፣ በሉት ጭቅጭቅ ሲበተኑ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን በቁም ነገር ይዤ ማጥናት ጀመርኩ። እስካሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት የራሱን ቡድን ለሚመራ ሰው ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ዕቃው ይሸጣል ወይስ አይሸጥም የሚለው ነው። መልሱ የስርጭቱን ደንብ ከሥሩ ይቀይረዋል። ይሄን የተረዳሁት ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎችን በመጫወቴ ነው።

ከአልቢዮን በፊት ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የሚባለውን ጨዋታ ተጫውቻለሁ። ወርሃዊ ክፍያ ስላለው ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ነበር የሚከፍልልኝ። ክላሲክ የወጣው በፈረንጆቹ 2019 ነው፣ ግን በ2004 የተጀመረው ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበረውን መልክ ይዞ ነው የመጣው። ሞልተን ኮር የሚባለው ሬይድ (ብዙ ሰው አብሮ የሚወጣበት ዘመቻ) ለ40 ሰው የተሠራ ነው። አርባ ሰው ተሰብስቦ፣ ተዘጋጅቶ፣ ለፍቶ ቦሱን ይጥላል። ከቦሱ የሚወጣው ዕቃ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጥሩ ጥሩው ዕቃ ደግሞ ካነሳው ሰው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። መሸጥ የለም፣ ለሌላ ማስተላለፍ የለም። በሳምንት አንዴ ብቻ ነው ተመልሰህ የምትገባው። እንዲህ ባለ ቦታ ጥያቄው "ስንት ይድረሰኝ" ሳይሆን "ማን ይውሰድ" ነው።

ቀላሉ መንገድ ሮል ነው። ዕቃውን የሚፈልግ "ኒድ" ይጫናል፣ ባገኘው የማይጠላ "ግሪድ" ይጫናል፣ ከ1 እስከ 100 ቁጥር ይወጣል፣ ትልቁ ያገኘ ይወስዳል። ለማይተዋወቅ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። አብሮ ለሚቆይ ቡድን ግን አይሆንም። ዕድል ያለፈው ሳምንት ማን እንደወሰደ አያስታውስም። አንዱ በተከታታይ ሲወስድ፣ ሌላው ወር ሙሉ ባዶ እጁን ሲወጣ፣ ደንቡ "ትክክል ነው" ይልሃል። ልብህ ግን አይቀበለውም።

ለዚህ ነው ነጥብ የመጣው። ዲኬፒ የሚባለው አሠራር ኤቨርክዌስት በሚባል ጨዋታ ዘመን፣ በ1999 ነው የተፈጠረው። ስሙም በጨዋታው ውስጥ ከነበሩት ዘንዶዎች የመጣ ነው። ሬይድ ላይ ስትገኝ፣ ቦስ ሲወድቅ ነጥብ ታገኛለህ፣ ዕቃ ስትወስድ ነጥብ ትከፍላለህ። ትጋት ዋጋ አገኘ ማለት ነው። በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ ነጥብ ማጠራቀም ይመጣል። ነባሩ ትንሽ ትንሹን ዕቃ እየዘለለ ነጥቡን ያከማቻል፣ ትልቁ ዕቃ የወጣ ቀን ማንም አይደርስበትም። አዲስ የገባ ልጅ ደግሞ ምንም ቢተጋ ክምሩን አይነካውም።

ኢፒጂፒ ይሄን ለማረም የተሠራ ነው። እኔ ከነጥብ አሠራሮች ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ሁለት ቁጥር ይያዛል፦ የጥረት ነጥብና የዕቃ ነጥብ። ቅድሚያህ ጥረትህ ለወሰድከው ዕቃ ሲካፈል የሚወጣው ነው። ለምሳሌ አንዱ 1200 የጥረት ነጥብ አለው፣ የወሰደው ዕቃ 400 ነው፤ ቅድሚያው 3 ይሆናል። ሌላዋ ገና ብዙ አልቆየችም፣ ጥረቷ 600፣ የወሰደችው 150 ነው፤ ቅድሚያዋ 4 ነው። ዕቃው ለእሷ ነው። በየሳምንቱ ደግሞ ሁለቱም ቁጥር በተወሰነ መቶኛ ይቀነሳል፣ እንበል በ10። 1200 ወደ 1080፣ 400 ወደ 360 ይወርዳል። ሲካፈል ያው 3 ነው፣ የተበደለ የለም። ግን የድሮው ክምር እየቀለለ ስለሚሄድ የዚህ ሳምንት ልፋት ከአምናው ልፋት የበለጠ ይመዝናል።

ነጥብ ግን ሁሉን አይፈታም። ሞልተን ኮር ውስጥ "ጋር" እና "ባሮን ጌደን" ከሚባሉት ሁለት ቦሶች አልፎ አልፎ የሚወጡ ሁለት ማሰሪያዎች አሉ። ተንደርፉሪ የሚባለውን ሰይፍ ለመሥራት ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ መግባት አለባቸው። በሮል ወይም በነጥብ ብትሰጥ አንዱ ማሰሪያ ለእከሌ፣ ሌላው ለእከሊት ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ተጣብቀው ስለሚቀሩ ሰይፉ አይሠራም። ስለዚህ ብዙ ጊልዶች "ዕቃው ለዋናው ታንክ (ከፊት ቆሞ ምት ለሚቀበለው) ነው" ብለው አስቀድመው ይወስናሉ። ይሄ የሉት ካውንስል መንገድ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ተቀምጠው ለቡድኑ የሚበጀውን ያያሉ። የሚሠራው ካውንስሉ ሲታመን ብቻ ነው። የካውንስሉ አባላት ለራሳቸውና ለጓደኞቻቸው ሲያደሉ ቡድኑ ወዲያው ያውቃል። ማስረጃ ባይኖረውም ያውቃል።

የጨዋታው ሠሪዎችም ጉዳዩን ለመዝጋት ሞክረዋል። ዋናው (ክላሲክ ያልሆነው) ዋርክራፍት በ2018 ወደ ግል ሉት ብቻ ገባ፤ ጨዋታው ራሱ ለእያንዳንዱ ይመድባል። ጭቅጭቁ ቀነሰ። ግን የቡድኑም ውሳኔ አብሮ ሄደ፣ አንተ የማትፈልገውን ዕቃ ለሚያስፈልገው ጓደኛህ መስጠት በብዙ ሁኔታ ተከለከለ። በ2022 ዕቃው ለቡድኑ የሚወርድበት አሠራር ተመለሰ። እኔ መመለሱን ደግፌያለሁ። ዕቃውን በወርቅ ለጨረታ አቅርቦ ገንዘቡን የመካፈል ልማድም አለ፣ ጂዲኬፒ ይባላል። እሱን በ2024 በአንደኛው የክላሲክ ሰርቨር ዓይነት ላይ ከልክለውታል። ጨረታ ካለ በእውነተኛ ገንዘብ ወርቅ የገዛ ሰው ይገባበታል፣ ያኔ ልፋት ዋጋ የለውም።

አልቢዮን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሁሉም ነገር ማለት ይቻላል ይሸጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ዋጋ አለው፣ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ይካፈላል። ጭራቅ ሲሞት የሚወድቀውን ሲልቨር (የጨዋታው ገንዘብ) ጨዋታው ራሱ አብሮ ለወጣው ፓርቲ ያከፋፍላል። ለእኛ የሚቀረው ከሣጥን የሚወጣው ዕቃ ነው። ነገር ግን በቀይና በጥቁር ዞን (ተጫዋች ተጫዋችን ሊገድል በሚችልባቸው ቦታዎች) የሞተ ሰው የለበሰውንም የያዘውንም ያጣል። ስለዚህ ትርፍ ብቻ አይደለም የምንካፈለው፣ ኪሳራም አለ። "እኩል" የሚለው ቃል የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሂለራችን (የቆሰለውን የምታክመው) እኛን ስታድን ሞታ ሙሉ ትጥቋን ካጣች በኋላ እኩል ድርሻ ብንሰጣት በእውነቱ ከሁላችንም ያነሰ ነው የወሰደችው።

ስለዚህ መጀመሪያ ተቀናሽ ይወጣል። አንድ ሰው ሁሉን ዕቃ ተሸክሞ ከተማ ይገባል፣ ይሸጣል። ፕሪሚየም (ተጨማሪ ጥቅም የሚሰጥ አባልነት) ያለው ሰው ሲሸጥ 4 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፣ የሌለው 8። ዋጋውን ራስህ ተምነህ ለሽያጭ ስታወጣ ሌላ 2.5 በመቶ አለ። ስለዚህ ሻጩ ሁልጊዜ ፕሪሚየም ያለው ልጅ ነው። ለምሳሌ 3,000,000 ሲልቨር ተሸጠ እንበል። የሽያጭ ወጪው በ6.5 በመቶ 195,000 ነው። ለሞቱት ልጆች ትጥቅ መተኪያ 600,000 ይወጣል፣ ለጥገና 150,000። የሚቀረው 2,055,000 ነው። ስድስት ሰው ከወጣን ለእያንዳንዳችን 342,500 ይደርሳል። ይሄ ሂሳብ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለጠፋል፣ ሁሉም ያየዋል። ጨዋታው በዕቃው ላይ የሚያሳየውን ግምታዊ ዋጋ አንጠቀምም፣ እምብዛም የማይሸጥ ዕቃ ላይ በጣም ያሳስታል። የተሸጠበትን ብቻ ነው የምንቆጥረው።

ስለ ስካውት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስካውት መግቢያው ላይ ቆሞ ጠላት ሲመጣ የሚነግረን ልጅ ነው። አንድም ጭራቅ አይመታም። አንድ አዲስ ልጅ "አቦ፣ አብዛኛውን ዳሜጅ የመታሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት በር ላይ ከቆመው ጋር እኩል እወስዳለሁ?" ብሎ ጠየቀ። ስካውታችን ረጋ ብሎ "ወንድሜ፣ በሩን ባልጠብቅልህ ኖሮ ያን ሁሉ ዳሜጅ መትተህ ለማን ነበር የምታስረክበው?" አለው። ልጁ ገባው። የዳሜጅ ቁጥር ስክሪን ላይ ይታያል፣ የሂለርና የስካውት ሥራ ግን ሁሉ ነገር ሰላም ሲሆን አይታይም። የማይታየውን ሥራ የማይቆጥር ደንብ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሂለር ያሳጣል።

መብራትም አለ። አዳማ ላይ የሚጫወት ሰው ይሄን ደንቡ ውስጥ ካላስገባ ደንቡ ለአዳማ አልተሠራም። የእኛ እንዲህ ነው፦ መብራት የጠፋበት ልጅ በስልኩ ዳታ ተመልሶ ከገባ እንዳልወጣ ይቆጠራል። መመለስ ካልቻለ በዚያች ሰዓት ከተያዘው ሣጥን ድርሻ አለው፣ ከዚያ በኋላ ካሉት ግን የለውም። ራሱ ደክሞት የወጣም በተመሳሳይ ይስተናገዳል፣ ምክንያት አንመረምርም። ምክንያት መመርመር የጀመረ ቡድን መጨረሻው መጠራጠር ነው።

የማንሸጣቸው ዕቃዎችም አሉ። ከመካከላችን አንዱ የሚጠቀምበት ጥሩ መሣሪያ ሲወጣ ገበያ አይሄድም። ለእነዚህ የተራ ዝርዝር አለን። ዝርዝሩ መጀመሪያ በዕጣ ነው የወጣው። ከላይ ያለው ሰው ዕቃውን ከፈለገ ይወስዳል፣ ከዚያ ወደ መጨረሻ ይወርዳል። ካልፈለገ "ይለፈኝ" ይላል፣ ቦታውን አያጣም። ያልወጣ ሰው ባለበት ይቆያል። ፈረንጆቹ ሱሳይድ ኪንግስ የሚሉት አሠራር ነው፣ ለቡድናችን ሳስረዳ ግን "እቁብ ነው" ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ማብራሪያም አልጠየቁኝም። የሚለየው አንድ ነገር ነው። እቁብ ላይ ለሁሉም የሚደርሰው ብር እኩል ነው፣ እዚህ ግን የዕቃዎቹ ዋጋ ይለያያል። ስለዚህ ከላይ ያለው ትልቁን እየጠበቀ መዝለል ይችላል። እኛ ይሄን አልከለከልንም። እሱ ሲዘል ታች ያለው ልጅ የሚያስፈልገውን ዛሬ ያገኛል።

አሁን በውይይት ላይ ያለው የአዲስ ገቢዎች ጉዳይ ነው። ከሞጆ ሁለት ልጆች ሊቀላቀሉን ነው። ግማሻችን በዕጣ ዝርዝሩ መሀል ይግቡ ይላል፣ ግማሻችን ከታች ይጀምሩ ይላል። እኔ ከታች የሚለውን ነው የደገፍኩት፣ ነባሮቹ ተራቸውን ጠብቀው የመጡበት ነውና። የሲልቨር ድርሻቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ይሁን፣ ሲሞቱም ትጥቃቸው እንደማንኛችንም ይተካ ብያለሁ። ቅዳሜ ማታ ድምፅ እንሰጣለን። አዲስ ሰው በዕጣ አስገብቶ ያየ ቡድን ካለ፣ ነባሮቹ እንዴት እንደተቀበሉት ብትነግሩን ከድምፁ በፊት ለሁሉም አነብላቸዋለሁ።