ቀለሙ የፈታው ዳዶ

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት የሆነ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት፣ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለወራት ሲሠራው የከረመውን ሞተር ሳይክል እየገፋ መጣ። ሰልባቲዮው፣ የቤንዚን ጋኑ፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ሻንሲው፣ የብረት አጽሙ፣ አዲስ ጥቁር ቀለም ለብሷል። የፊት ጎማው ግን በመከራ ነው የሚዞረው። ከአክስሉ፣ ጎማውን ከመሐል ከሚይዘው ዘንግ፣ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ገመድ እንደ ሹሩባ ተጠምዝዞ፣ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል።

«ሞተር» የሚለው ቃል በኛ አፍ ሦስት ነገር ስለሚጠራ ከወዲሁ ይለይ። ሞተር ሳይክሉ 150 ሲሲ የህንድ ሥሪት ነው። የቤንዚን ሞተሩ እንደ ነበረው በሰንሰለት የኋላ ጎማውን ይነዳል። ከፊት ጎማ መሐል ደግሞ 1500 ዋት የኤሌክትሪክ ሞተር ገብቷል፤ እሱን የጎማ ሞተር እንበለው። ባትሪው 16 የሊትየም ብረት ፎስፌት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት፣ 51.2 ቮልት፣ 30 አምፒር ሰዓት ነው፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይይዛል። ከባትሪው ወደ ጎማ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር እስከ 45 አምፒር ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ምን አመጣው ለሚል፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ካርብሬተር ያለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያጣል፤ ከተማዋ ደግሞ ዳገት ናት። ኤሌክትሪክ የአየር መሳሳት አይገደውም። ሐሳቡ እንግዲህ ደህና ነው። በእርግጥ ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ለጎማ ሞተር ከፊት የባሰ ቦታ የለም፤ ኮረት ላይ ይንሸራተታል። የኋላውን ሰንሰለቱ ይዞታል፣ ምርጫ አልነበረም።

ብልሽቱ የጀመረው ግን ከሰዓት በኋላ አይደለም። ጠዋት ሞተሪኖው፣ የቤንዚን ሞተሩ ማስነሻ፣ ሲመታ የፍሪሲዮን (የክላች) ካቦው ከመሪው ሥር ጨሰ። ልጁ ካቦው የተበላሸ መስሎት በአዲስ ቀየረውና ቤንዚኑን በእግር አስነስቶ ሥራውን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ግቢው በር ላይ የኤሌክትሪኩን ሲሞክር፣ አራት ጊዜ እየተነሳ ፍሬን ይዞ ቆመ። በአምስተኛው ከፊት «ቋ» አለ፣ መሪው ተንቀጠቀጠ፣ ጎማው እንደ መታሰር አለ። ፍጥነቱ ከሰው ሩጫ ያነሰ ስለነበር እግሩን መሬት ጥሎ ተረፈ። ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር።

መካኒኩ ኮንትሮለሩን አላየም፣ ቴስተርም አላነሳም። የፊት አክስሉን ዳዶ፣ ጫፉ ላይ ተጠምዝዞ የሚያጠብቀውን ብረት፣ በጣቱ ነካው፤ በጣት ዞረ። ዳዶውን አውጥቶ ሮንዴላውን፣ ከዳዶው ሥር ያለውን ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት፣ ሲያነሳ ከሥሩ ጥቁር ቀለም እንደ ቅቤ ተጨምቆ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቷል።

«ልጄ፣ ይህን መቼ ነው የቀባኸው?»

«ሐሙስ ነው ጋሼ።»

«የገጠምከውስ?»

«ዓርብ ማታ። ደርቆ ነበር እኮ!»

ሲነኩት መድረቁ እውነት ነው። ነገር ግን ቀለም በእጅ ሲነካ መድረቁና እስከ ውስጡ መጠንከሩ ለየቅል ናቸው። ማጠንከሪያ የተቀላቀለበት የመኪና ቀለም በ20 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በደሴ ብርድ ይብሳል። ደግሞስ ቢጠነክር? ፀረ ዝገቱ፣ ጥቁሩና ቨርኒሹ ሲደመሩ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ናቸው፤ የሁለት ፀጉር ውፍረት። ዳዶ ሲጠብቅ አክስሉን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፣ ዳዶውን የሚይዘውም ያ ልጠት ነው። 14 ሚሊ አክስል ላይ 60 ኒውተን ሜትር ቢጠብቅ ልጠቱ በግምት 0.02 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ከሮንዴላው ሥር ያለው ቀለም ከልጠቱ ሰባት እጥፍ ይወፍራል። የቀለሙ ሰባተኛ እጅ ብቻ ተጨምቆ ቢወጣ ዳዶው ሳይዞር ፈታ ማለት ነው። ሰው «ዳዶው ተፈታ» ይላል፤ ዳዶው ግን እንዳለ ነው፣ የለቀቀው ከሥሩ ያለው ነው።

የጎማ ሞተር አክስል እንደ ተራ ጎማ አክስል አይደለም። ተራው ክብደት ይሸከማል እንጂ የመዞር ጉልበት አይደርስበትም። የጎማ ሞተር ግን ጎማውን ወደ ፊት በገፋ ቁጥር አክስሉን ወደ ኋላ ይገፋል። ለዚህ ነው አክስሉ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው፤ 14 ሚሊ ሆኖ በጠፍጣፋው በኩል 10 ሚሊ ነው። ሞተሩ 80 ኒውተን ሜትር ሲሰጥ፣ በዚያች 10 ሚሊ ላይ የሚያርፈው 8000 ኒውተን፣ ስምንት ኩንታል ያህል ነው። ይህን ለመቻል ነው ባለ ክንድ ብረት የሚታሰረው፤ ክንዱ 10 ሳንቲሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችው ቡሎን የምትችለው ሰማንያ ኪሎ ብቻ ይሆናል፣ የአንድ ሰው ክብደት። የክንዱ ቀዳዳ አክስሉን አንቆ እስከያዘ ድረስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው የቀለም ጥፋት ወጣ። ልጁ ክንዱን ከ6 ሚሊ ብረት በቶርኖ ቤት አሠርቷል፣ ሥራው ጥሩ ነው፤ ቀዳዳው ልክ 10 ሚሊ ነበር። ሲቀባው ቀለም ቀዳዳው ውስጥ ገባና አክስሉ አላልፍ አለ። ቀለሙን በመፋቅ ፈንታ ሞረድ አነሳ። ሞረድ ደግሞ ቀለሙን ጨርሶ ብረቱ ላይ አይቆምም። መካኒኩ በካሊፐር ሲለካው 10.6 ሚሊ ደርሷል። በዚያች ክፍተት አክስሉ ሲነሳ ወደ ኋላ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይንገጫገጫል። ፍሬን ሲያዝ የጎማ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ስለሚሞላ ግፊቱ ይገለበጣልና። አራት ጊዜ ተነስቶ አራት ጊዜ ሲቆም የአክስሉን ጠርዝ እንደ መዶሻ ቀጥቅጦ አከበበው፤ በአምስተኛው ጠቅላላ ዞረ። ገመዱ የሚወጣው ከአክስሉ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ተጠምዝዞ ተላጠ። ጎማው እንደ ታሰረ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች እርስ በርስ ሲነካኩ የጎማ ሞተር ራሱን ይይዛል። ይህ ለምርመራም ይጠቅማል። ኮንትሮለሩን ነቅሎ ጎማውን በእጅ ማዞር ነው። ቀለል ብሎ ከዞረ ሽቦዎቹ ደህና ናቸው፤ እየጎተተ ከዞረ ተነካክተዋል።

ጉዳቱ ገመድ ብቻ አልሆነም። ከወፍራሞቹ ጎን የሚሄዱት አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች የጎማውን አቋም የሚያነብቡ ሴንሰሮች ሽቦዎች ናቸው፤ በ5 ቮልት ነው የሚሠሩት። 50 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ሲነካቸው አንዱ ሴንሰር ሞተ፣ ኮንትሮለሩም አብሮ ሄደ። ሴንሰር ሲመረመር 5 ቮልት ሰጥቶ ጎማውን ቀስ እያደረጉ ማዞር፣ ሦስቱም የምልክት ሽቦዎች ላይ ቮልቱ ከዜሮ ወደ አምስት እየተመላለሰ መታየት አለበት። ያንደኛው ከዜሮ አልነሳ አለ።

የጠዋቱ ጭስስ? መካኒኩ ወደዚያ የተመለሰው ቀለሙን ካየ በኋላ ነው። የ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጋቲቭ ከሻንሲው ጋር በአንዲት ቡሎን ታስሯል፣ የቤንዚን ሞተሩ ደግሞ በራሱ ቡሎኖች ከሻንሲው ጋር። ሁሉም አዲስ ቀለም ላይ ተቀምጠዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሞተሪኖው ሲመታ ከ50 አምፒር በላይ ይፈልጋልና መመለሻ መንገድ ሲያጣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚወስድ ያገኘው ብቸኛ ብረት የፍሪሲዮን ካቦው ሆነ። ካቦው የጨሰው ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ሆኖ ነው። የተቀየረው አዲሱ ካቦም ሞተሪኖው በድጋሚ ቢመታ ኖሮ ይከተለው ነበር። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ባዶ ብረት አስነክቶ ሞተሪኖውን መምታት። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው፣ ማለትም የኔጋቲቭ መመለሻው፣ አልያዘም። ፍሬቻ ሲበራ የፊት መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለም ያው ነው።

ጥገናው ሦስት ቀን ፈጀ፤ አብዛኛው ቀለም መፋቅ ነው። የገመዱ ጫፍ የሚረግጥበት ቦታ ሁሉ እስከ ነጩ ብረት ተፋቀ። ከ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጋቲቭ እስከ ቤንዚን ሞተሩ የ16 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ በቀጥታ ተዘረጋ፤ ሻንሲውን አማላጅ ማድረግ ቀረ። ከጠበቀ በኋላ እንዳይዝግ ቫዝሊን ተቀባ። አክስሉ ላይ አዲስ ክንድ በሁለቱም ጎን ገባ፣ ቀዳዳው በሞረድ ሳይሆን በቶርኖ ቤት ፍሬዛ 10.05 ሚሊ ሆኖ፤ አክስሉ በእጅ ሳይሆን በፕላስቲክ መዶሻ ነው የገባው። አክስሉ መሐሉ ክፍት ቱቦ ስለሆነ ዳዶውን ከልክ በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይገፈዋል፤ ጉልበቱን የሚይዘው ክንዱ እንጂ ዳዶው አይደለም።

አዲሱን ገመድ ለማስገባት የጎማ ሞተሩ መከፈት ነበረበት። ማግኔቶቹ ኃይለኛ ናቸው። ሲወጣም ሲገባም በመጎተቻ እንጂ በእጅ አይሞከርም፣ ጣት ይቀራል። ገመዱ የሚወጣበት ቀዳዳ በሲሊኮን ይደፈናል፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ግን መዳብ ስለሚበላ እሱ አይሆንም። ቀዳዳው ወደ ታች ዞሮ፣ ገመዱ ከመግቢያው ዝቅ ብሎ ከታጠፈ በኋላ ሽቅብ ይሄዳል። የክረምት ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሲወርድ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሞተሩ ውስጥ አይገባም።

ሳይፈነዳ የተገኘም ነገር ነበር። የባትሪው ማገናኛ ልክ ከካርብሬተሩ ሥር ታስሯል። ካርብሬተር አንዳንዴ ሞልቶ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ማገናኛ ደግሞ ሲሰካ ብልጭ ይላል። ተነስቶ ከመቀመጫው ሥር ገባ። ብልጭታውም በ100 ኦም ሬዚስተር ጠፋ፤ መጀመሪያ በእሷ በኩል አንድ ሁለት ሰከንድ ኮንትሮለሩ ይሞላል፣ ከዚያ ዋናው ይሰካል። 60 አምፒሩ ፊውዝም ከኮንትሮለሩ ጎን ወደ ባትሪው ጎን ተዛወረ፤ ከባትሪው የራቀ ፊውዝ በመሐል ያለውን ገመድ አይጠብቅም።

የፍሬን ማቋረጫው ላይ መካኒኩ ትንሽ ተቆጣ። ኮንትሮለሩ ሁለት ዓይነት የፍሬን ሽቦ አለው፤ አንዱ 12 ቮልት ሲያገኝ፣ ሌላው ከኔጋቲቭ ጋር ሲነካ የጎማ ሞተሩን ያቋርጣል። የሞተር ሳይክል የፍሬን መብራት ማብሪያ 12 ቮልት ነው የሚሰጠው። ልጁ ያሰረው ከሁለተኛው ጋር ነበር። የድሮው ኮንትሮለር ባይቃጠል ኖሮ በዚህ መቃጠሉ አይቀርም ነበር።

ልጁ ኮምቦልቻ ለመውረድም አስቦ ነበር፣ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ። ይህም ተከለከለ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ነው። ሞተር ሳይክሉና ሰውየው 220 ኪሎ ቢሆኑ 360 ዋት ሰዓት ጉልበት ይወርዳል፤ ሲሶው እንኳ ወደ ባትሪው ቢመለስ 120 ዋት ሰዓት ነው። የሞላ ባትሪ ይህን የሚያስቀምጥበት የለውም። 58.4 ቮልት ሲያልፍ የባትሪው መከላከያ ይዘጋል፣ መግቢያ ያጣው ኤሌክትሪክ ኮንትሮለሩ ላይ ይነሳል፣ ኮንትሮለሩ ይሄዳል፤ የጎማ ሞተሩም ፍሬን መሐል ቁልቁለት ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ደሴ ላይ 90 ከመቶ ተሞላ፣ የመመለሻው አምፒርም ወደ 10 ወረደ። ከፊት ጎማ ላይ የበረታ ኤሌክትሪክ ፍሬን እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማውን ያስታል።

ሳይረሳ፣ ቀለሙ እንደገና መቀባት ነበረበት። በዚህኛው ዙር መጀመሪያ ያለ ቀለም ሁሉም ተገጥሞ 50 ኪሎ ሜትር ተነዳ፣ ከዚያ ተፈታ። እያንዳንዱ ሮንዴላ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከሮንዴላው ሁለት ሚሊ የሰፋ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ ተቀባ። ልጁ ነጩ ቀለበት ሲታይ ደስ አላለውም፤ ቢሆንም ዝም አለ።

መጨረሻ ላይ መካኒኩ ነጭ የጥፍር ቀለም አውጥቶ ከዳዶው እስከ ክንዱ አንድ ቀጭን መስመር ሰመረ፣ በሁለቱም ጎን። ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁለቱም መስመሮች እንደነበሩ ናቸው። ሲመለስ የግራው መስመር በሁለት ሚሊ ያህል ተዛንፎ ተገኘ። ተፈትቶ ሲታይ የሮንዴላው ምላስ ከቀዳዳው ሳይገባ የብየዳ ጠብታ ላይ ተቀምጧል። ጠብታው ተሞረደ፣ ዳዶው በ60 ኒውተን ሜትር ጠበቀ፣ አዲስ መስመር ተሰመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያልፍ መካኒኩ ሰላም ከማለቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ግራውን ዳዶ አየ።