«በሩጫ በለጠኝ» በእንግሊዝኛ፦ ሱሉልታ ላይ ለአትሌቶች እንዴት እንዳስተማርኩት

ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ፣ ማለዳ ማለዳ መንገድ ዳሩና ሜዳው በሯጭ የሚሞላባት ከተማ ናት። እዚህ እንግሊዝኛ የሚማር ወጣት አትሌት የሚፈልገው ነገር ይታወቃል፦ ከማናጀሩ ጋር መግባባት፣ የውድድር ዘገባ ማንበብ፣ ከውድድር ገብቶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ማይክሮፎን ሲደቀንበት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መመለስ። በሦስቱም ቦታ ተቀናቃኝን ስለመብለጥ የሚናገሩ ግሶች ይገጥሙታል፤ አውትዱ፣ አውትረን፣ አውትስፕሪንት፣ አውትኪክ፣ አውትላስት። አንድ በአንድ በቃል ማስያዝ አያዋጣም። መንገዱ ከተያዘ ግን በአንድ ትምህርት ብዙዎቹ ይገባሉ።

ከነሱ በፊት ዊን እና ቢትን እለያለሁ፤ ይህ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። አማርኛችን «አሸነፈ»ን ለውድድሩም ለሰውየውም ይጠቀምበታል። «ውድድሩን አሸነፍኩ» እንላለን፣ «እሱን አሸነፍኩት»ም እንላለን። በእንግሊዝኛ ዊን የሚከተለው ውድድር፣ ሜዳሊያ ወይም ሽልማት ነው፤ ቢት የሚከተለው ደግሞ ሰው ወይም ቡድን። «አይ ዎን ሂም» ያለ ሯጭ ለሰሚው ሰውየውን በሽልማት እንዳገኘው ያህል ይሰማል። ለልምምድ 20 ቁራጭ ወረቀት ይበቃል፦ 10ሩ ላይ የሰው ወይም የቡድን ስም፣ 10ሩ ላይ ሜዳሊያ፣ ዋንጫ፣ ማራቶን የመሳሰለው ይጻፋል። ተደባልቆ አንድ አንድ እየተነሳ ተማሪው ሳያስብ ዊን ወይም ቢት እስኪል ይደጋገማል። በአውት የሚጀምሩት የመብለጥ ግሶች ከቢት ወገን ናቸው፤ ተከታያቸው የተበለጠው ነው።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ብቻ አምስት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ በሩጫ በለጠኝ። በሽያጭ በለጠኝ። በጨረታ በለጠኝ። በብልጠት በለጠኝ። በቁጥር በለጡን። ተማሪዎቹ «በ» ያለበትን ቃል በአንድ ቀለም፣ «በለጠ»ን በሌላ ቀለም ያሰምራሉ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አማርኛ መብለጡን በግሱ ይናገርና በምን እንደተበለጠ ለብቻው በ«በ» ያመጣል። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ «በለጠ» ወደ አውት ይገባል፣ «በሩጫ» የነበረው ራሱ ግስ ይሆናል። ስለዚህ አውትራን ሚ፣ አውትሶልድ ሚ፣ አውትቢድ ሚ፣ አውትስማርትድ ሚ፣ አውትነምበርድ አስ። ሁለቱን ቀለሞች ቦታ ያቀያየረ ተማሪ ስድስተኛውን ራሱ ይፈጥራል። «በመጽናት በለጠችኝ» ሲባል አውትላስትድ ሚ ብሎ ከመለሰ ገብቶታል ማለት ነው።

ይህ ቀመር የሚሰበርበትን ቦታ በዚያው ክፍለ ጊዜ ማሳየት ግድ ነው። በመጀመሪያ፣ አውት በአብዛኛው የሚጠጋው የድርጊት ቃል ነው። «በቁመት ይበልጠኛል» ብሎ አውት ፍለጋ መሄድ አይቻልም፤ ሂ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ ነው፣ አለቀ። አውትስማርት ከቅጽል የመጣ ስለሆነ ለብቻው ይያዛል። ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው። «በዕድሜ ይበልጠኛል» የሚለውን አውትሊቭ ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው። አውትሊቭ ግን ከሌላው ሞት በኋላ በሕይወት መቆየት ነው። ታላቅ ወንድምን ለማስተዋወቅ የተነገረ ዓረፍተ ነገር ሐዘን ቤት ያስገባል! አውትግሮውም ተቀናቃኝ የለበትም፤ ልጅ ጫማው ሲጠበው አውትግሩ ሂዝ ሹዝ ይባላል። አውትሬጅ (ቁጣ) ደግሞ ከፈረንሳይኛ የገባ ቃል ስለሆነ መጀመሪያው ላይ ያለው አውት ከእኛው አውት ጋር ዝምድና የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት «ፍሮም» ነው። ተማሪው «ከእሱ በልጬ ሮጥኩ» ብሎ ያስብና አይ አውትራን ፍሮም ሂም ይላል። ስህተቱ የሚመጣው ከ«ከ» ነው። መፍትሔውም እዚያው አማርኛው ውስጥ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች «ከእሱ በለጥኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አላቀርብም፣ «በለጥኩት» ብቻ ነው። «ት»ዋ ሂም ሆና በቀጥታ ከግሱ ኋላ ትቀመጣለች፤ ለፍሮም ቦታ አይኖርም።

ቃሎቹን መገልበጥም ሌላ ትርጉም ያመጣል። ረን አውት ማለት አለቀ ነው፤ ውኃው፣ ነዳጁ፣ ጊዜው አለቀ። ሶልድ አውት ማለት ተሸጦ አለቀ፤ አውትሶልድ ግን ከሌላው በላይ ሸጠ። አውት ከግሱ ፊት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መብለጥ ነው፤ ኋላ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

የጊዜ ቅርጹ እናት ግሱን ይከተላል፦ አውትዱ፣ አውትዲድ፣ አውትደን። አውትቢድ በሦስቱም አይለወጥም። አስቸጋሪው አውትረን ነው፤ ያሁኑና ያለፈው የሚለዩት በአንድ አናባቢ ሲሆን ለእኛ ጆሮ ሁለቱም «ራን» ይመስላሉ። ስለዚህ በደብተራቸው ያሁኑን በ«ረ»፣ ያለፈውን በ«ራ» አስጽፋለሁ፤ አፍ ላለፈው ሰፋ ብሎ ይከፈታል። የድምፅ ክብደቱ በግሶቹ ላይ ከኋላ ነው፤ አውት ቀለል፣ ረን ጠንከር። አውትካም (ውጤት) እና አውትፑት (ምርት) ስም ስለሆኑ ክብደቱ ከፊት ይወድቃል። በጭብጨባ ማስለመድ ይሻላል፤ ስናወራ ሁሉንም ክፍለ ቃል እኩል የመጫን ልማድ አለን።

የትኛው ግስ የት እንደሚገባ የማሳየው በሚያውቋቸው ውድድሮች ነው። የሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ፣ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ቀድሞ ተፈተለከ፣ ቀጥታውን መስመር እየመራ ገባ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ መስመሩ አጠገብ ደረሰበትና 27:18.20 ገባ፤ ቴርጋት 27:18.29። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ይህ አውትስፕሪንት ነው፤ በአሜሪካ ዘጋቢዎች ዘንድ አውትኪክም ይባላል፣ ኪክ የምንለው አጨራረሱን ነውና። ኦቨርቴክ ብንል ግን ያለፈበትን ቅጽበት ብቻ ነው የምንናገረው። በጎጃም መንገድ ላይ ሲኖትራክ ደርቦ የሚያልፍ መኪናም ኦቨርቴክ ያደርጋል፤ ማለፉ ቀድሞ መድረሱን አያረጋግጥም።

አሁን በሪዮ 2016 ኦሎምፒክ የሴቶች 10,000 ሜትር ላይ አልማዝ አያናን እንውሰድ። 29:17.45 ስትገባ ሁለተኛዋ ኬንያዊቷ ቪቪያን ቼሩዮት 29:32.53 ነበረች። እዚህ አውትኪክ ማለት ስህተት ነው፤ የአጨራረስ ፉክክር አልነበረም፣ ገና መንገድ ላይ ጥላቸው ሄዳለች። አውትፔስ (በፍጥነት መብለጥ) ወይም አውትረን ይሄዳል። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየውን የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሺያን የዓለም ክብረ ወሰን 29:31.78 ማሻሻሏን ለመናገር ደግሞ ብሮክ ወይም ሰርፓስድ ነው፤ ሰርፓስ ለክብረ ወሰንና ለተጠበቀ ውጤት ይስማማል። ተማሪዎች ሰዓቶቹን ብቻ አይተው ግሱን እንዲመርጡ አደርጋለሁ። የሰዓት ልዩነት የአሯሯጡን መልክ ለሯጭ ወዲያው ስለሚነግረው ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ይሻላል።

አውትዱ ራሱ ሰፊ ነው፤ በደግነት፣ በድግስ፣ በጥረት መብለጥን ሁሉ ይይዛል፣ በምን የሚለውም በኢን ይመጣል። ሺ አውትዲድ ሀርሰልፍ ማለት ከወትሮዋ በላይ ሠራች የሚል ሙገሳ ነው። ኖት ቱ ቢ አውትደን ደግሞ «ላለመበለጥ ብሎ» ነው። ለሩጫ ውጤት ግን አውትዱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ እኔ አልመክረውም።

ለራሳቸው አፍ የምሰጣቸው ጥቂት ነው። ሲናገሩ ቢት ይበቃቸዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ሌሎቹን ሲሰሙና ሲያነቡ እንዳይደናገሩ ነው። አንድ የተገብሮ ቅርጽ ግን ሁሉም ይዘው ይወጣሉ፦ አይ ዋዝ አውትኪክት ኢን ዘ ላስት ላፕ። በመጨረሻው ዙር አጨራረስ ተበለጥኩ። ሁለተኛ የገባ አትሌት የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ስለሆነ፣ ይህን ብሎ «ባይ» (by) የሚለውን ጨምሮ የአሸናፊውን ስም ከጠራ መልሱ ሙሉ ነው። ልምምዱን የምናደርገው ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ መልስ ሰጪው 100 ሜትር ፈጥኖ ሮጦ እንደመጣ ነው፤ በትንፋሽ መሀል ቀድማ የምትጠፋው የአውትኪክት የመጨረሻ ድምፅ «ት» ስለሆነች (በጽሑፍ -ed ብትሆንም)፣ እሷ እስክትሰማ ይደገማል።