የሻይ ስኳር ያዋረደኝ ቀን

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት ስለማላቃጥል ነው። ድሬ ዳዋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ካርቦሃይድሬት ላይ ስንደርስ «ዘንድሮ ሽምደዳ የለም፣ ላብራቶሪ ገብተን በዓይናችን እናያለን» ብዬ ፎከርኩ። ጉዴን ያፈላው ፉከራው ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ድንችና ዳቦ ከቀፊራ ገበያ ገዛሁ፣ ቡታጋዝ ከቤት አመጣሁ። አዮዲንና ቤኔዲክት (ከስኳር ጋር ሲሞቅ ቀለሙ የሚቀየር፣ መዳብ ያለበት ፈሳሽ) ላብራቶሪ ውስጥ ነበሩ።

አዮዲኑ አላሳፈረኝም። ድንቹ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ጠቆረ። ስታርች ግሉኮስ የሚባሉ ብዙ ትንንሽ ስኳሮች የተያያዙበት ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ እንደ ሽቦ ጥቅል ስለሚጠማዘዝ አዮዲኑ መሐሉ ይገባል፣ ቀለሙም ከዚያ ይመጣል። (ድንቹን ከቀቀላችሁት ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ከሆነ ቀለሙ ይጠፋል።) ጥጥ ላይም ሞከርን፤ አዮዲኑ ቡናማ እንደሆነ ቀረ። ጥጥም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፣ ሴሉሎስ ይባላል፤ ግን አያያዙ ስለሚለይ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ያንን የሚፈታ ኢንዛይም እኛ የለንም። ግመልም የላትም፤ የሚፈቱላት ሆዷ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ልጆቹ ይቺን ወደዷት፣ እኔም ልቤ አበጠ።

ከዚያ ቤኔዲክት መጣ።

የተሰጠን የሙከራ ወረቀት «የስኳር ብጥብጥ ውሰድ» ይላል፣ አለቀ። ስኳር ከተባለ ስኳር ነው ብዬ ከመምህራን ሻይ ክበብ አንድ ማንኪያ ለምኜ በጠበጥኩ። ሰማያዊውን ቤኔዲክት ጨመርኩበት፣ ቱቦውን የሚፈላ ውኃ ውስጥ አቆምኩት። «አሁን እዩ፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ሸክላ ይቀላል» አልኩ። ሁለት ደቂቃ። ሰማያዊ። አምስት ደቂቃ። ሰማያዊ። ሊገመግመኝ የመጣው ሰው ከኋላ ቅጹን ይዞ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። በድሬ ሙቀት ላይ ቡታጋዝ ተጨምሮበት ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። አሥር ደቂቃ። ሰማያዊ።

«ቲቸር፣ ስኳሩ ስኳር የለውም ማለት ነው?» አለች ፊት የተቀመጠች ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኬሚካሉ ተበላሽቷል።» በራሴ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ምንም ሳላጣራ ነው ያልኩት። ድርቅናዬ በዚህም አላበቃ፣ ጠርሙሱ ላይ «የተበላሸ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ፈረምኩበትና አዲስ ለማስወጣት ሞዴል 20 የሚባለውን የንብረት መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ። ፊርማ ጎደለ ተባልኩ። ፈራሚው ስብሰባ ሄዷል። ፈራሚው ሲመለስ ማኅተም የሚይዘው ሰው ፈቃድ ወጣ። የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ ባየኝ ቁጥር «አቦ፣ ለአንድ ጠርሙስ ሰማያዊ ውኃ ይህን ያህል ትሮጣለህ?» ይለኛል። በመሐል ሰበብ ሲያልቅብኝ ከተማዋንም ከሰስኩ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለዚያ ነው አልኩ። ለቤኔዲክት ግን 96 ይበቃል። አዲሱ ጠርሙስ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሞከርኩት። ሰማያዊ።

ያዳነችኝ ያቺው ያሳቀችብኝ ልጅ ናት። እናቷ መጋላ ሰፈር ሙሸበክ፣ ያንን በስኳር ውኃ የሚነከረውን ጣፋጭ፣ ይሸጣሉ። «የእማዬን የስኳር ውኃ እንሞክረው» ብላ በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ቱቦው ሸክላ መሰለ። ያው ስኳር፣ ያው ውኃ!

«እናትሽ ምን ይጨምሩበታል?»

«ሎሚ። እንዳይጠጥር።»

ቁጭ አልኩ። የሻይ ስኳር ሱክሮስ ነው፤ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ። የተያያዙት የቤኔዲክትን መዳብ ሊነኩበት በሚችሉት ጫፋቸው ነው። ሁለቱም እጃቸው ተይዟል። አሲድና እሳት ሲያለያያቸው ነው እጃቸው የሚፈታው። ይህንን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ! ተክሎችም ስኳራቸውን ከቅጠል ወደ ሥር የሚያጓጉዙት በአብዛኛው በሱክሮስ መልክ ነው፤ እጁ የተያዘ ስኳር መንገድ ላይ ከሌላ ነገር ጋር ቶሎ አይጣላም። እኛ በደማችን የምናዞረው ግሉኮስን ነው፤ ትርፉን ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን አድርገው ያስቀምጡታል።

ስለዚህ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፣ በማር ጀምሩ። ማር ውስጥ ግሉኮሱና ፍሩክቶሱ አብዛኛው ተለያይቶ ስለሚገኝ አያሳፍራችሁም። የሻይ ስኳሩን ሁለተኛ አድርጉት፣ ሆን ብላችሁ እንዲከሽፍ። ከዚያ ያንኑ ስኳር በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፍሉትና ቤኔዲክት ከመጨመራችሁ በፊት በቤኪንግ ሶዳ አሲድነቱን አጥፉት፤ ቤኔዲክት አሲድ ውስጥ አይሠራም። ሶዳውን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ ይገነፍላል። እኔ ጠረጴዛ አጥቤበታለሁ።

ደግሞ ነጠላ፣ ጥንድ፣ ብዙ የሚለውን የካርቦሃይድሬት ምደባ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ አትጻፉ። ወረቀቱ በዚያ ጀምሩ ይላል፤ ልጆቹ በሱ ይተኛሉ። ከላብራቶሪ ውጭ አንድ ቁራሽ ዳቦ ስጧቸውና ሳይውጡ ያላምጡ። ቆይቶ ጣፈጠን ይሏችኋል፤ ምራቃቸው ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስታርቹን ማልቶስ ወደሚባል ጥንድ ስኳር እየቆረጠው ነው። ስሙን ከዚያ በኋላ ስትነግሯቸው ይይዙታል።

አሮጌውን ጠርሙስ ልመልስ ንብረት ክፍል ሄጄ ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ ፊርማዬን አየ። «ተበላሽቷል ብለህ ፈርመሃል፣ ደህና ነው ብዬ አልቀበልህም» አለኝ። «የተበላሸ» የሚለው እንደተለጠፈበት አሁንም በሱ ነው የምሠራው።