የኦይስተሩ ጠባቂ ብርዱ ነበር

ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ስለ ኦይስተር ብዙም አናወራም። አብዛኞቻችን አንበላውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት አይበላም ተብለን ነው ያደግነው፣ ጥሬውን ሎሚ ተጨምቆበት ከዛጎሉ ሲዋጥ ማየቱ ራሱ ይከብደናል። ግን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ትልቅ የባሕር ወሽመጥ አለ፣ እዚያ ኦይስተር እያረቡ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ገበሬ ነው የምላቸው፤ ጭንቀታቸው የገበሬ ነዋ፦ ዝናብ፣ ሙቀት፣ በሽታ።

እኔን የሳበኝ በሽታው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው ዴርሞ ይባላል። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተህዋስ ነው፣ በ1950 ሞቃታማው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ባሉ ኦይስተሮች ላይ ተለይቶ ታወቀ። ሰውን አይነካም። አገዳደሉ ግን ተንኮል አለበት። ኦይስተር የሚመገበው ውሃ እያጣራ ስለሆነ ተህዋሱም አብሮ ይገባል። የኦይስተሩ የደም ሴሎች ጠላት መጣ ብለው ይውጡታል። መዋጡን ይውጡታል፣ መግደሉ ላይ ነው የሚያቅታቸው። እዚያው በዋጠው ሴል ውስጥ ይራባል፣ ሴሉም ተሸክሞት መላ ሰውነቱን ያዳርሰዋል። ሥጋው ይከሳል፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ ዕድገቱ ይቆማል፣ በመጨረሻ ዛጎሉን ገጥሞ መያዝ እንኳ ያቅተዋል። ሲሞት የያዘውን ሁሉ ውሃው ላይ ይበትናል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ያንኑ ውሃ እያጣራ ነው። እርሻ ላይ ጎረቤት ሩቅ አይደለም፣ አንድ ቅርጫት ውስጥ ተፋፍገው ነው የሚያድጉት።

ምርመራው ቀላል ነው። ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሳምንት ያህል ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፣ ከዚያ አዮዲን ጠብ ይደረግበታል። ተህዋሱ ካለ በማይክሮስኮፕ ጥቁር ሰማያዊ ድቡልቡል ነገሮች ይታያሉ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል።

ዴርሞ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ይፋፋማል፣ 25 ሲያልፍ ይብስበታል። ብርድ ያዳክመዋል፣ አያጠፋውም እንጂ። ዊንተሩ ለስላሳ ከሆነ ግን በርከት ብሎ ይተርፍና የሚቀጥለውን በጋ በጉልበት ይጀምራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከደላዌር ቤይ እስከ ማሳቹሴትስ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሰሜን ገሰገሰ፤ ተመራማሪዎቹ ነገሩን ያያያዙት በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሞቃት ዊንተሮች ጋር ነው።

ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጨውም አለ። ዴርሞም ሆነ ኤምኤስኤክስ የሚባለው ሌላው የኦይስተር ገዳይ በሽታ፣ ጨው በዛ ያለበት ውሃ ነው የሚስማማቸው። ድርቅ ሲሆን ወንዞቹ ይጎድላሉ፣ የውቅያኖሱ ጨው ወደ ላይ ይገባል፣ በሽታውም ተከትሎ ይወጣል። ከ1999 እስከ 2002 በነበረው ድርቅ ሜሪላንድ ውስጥ የሆነው እልቂት ዛሬም ይወሳል። ዝናብ ሲበዛስ? በሽታው ይቀንሳል፣ ግን እሰይ ለማለት አትቸኩሉ። በ2018 የወረደው ያ ሁሉ ዝናብ በሽታውን ቢያበርደውም፣ ከቤዩ በላይኛው ጫፍ ኦይስተሩን ራሱን ፈጀው። ጨው የሌለው ውሃ ሲመጣበት ዛጎሉን ዘግቶ ይጠብቃላ፤ በብርድ ጊዜ ለሳምንታት ይችላል፣ ውሃው ሲሞቅ ግን ትዕግሥቱ አጭር ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ደግሞ ሙቀቱንም፣ ኃይለኛውን ዝናብም፣ ድርቁንም ነው የሚያባብሰው። ገበሬው ምን ብሎ ይጸልይ?

ስለዚህ ገበሬዎቹ ከበሽታው ጋር ሩጫ ውስጥ ገብተዋል። ብዙዎቹ የሚያረቡት በሁለት ፋንታ ሦስት ስብስብ ክሮሞሶም ያለው፣ የማይራባ ኦይስተር ነው። ጉልበቱን ለመራባት ስለማያወጣ ቶሎ ያድጋል፣ ዴርሞ ሳይጨርሰው ለገበያ ይደርሳል። ብልሃት ነው፣ አደንቃለሁ፤ መፍትሔ ግን አልለውም። በጋው በረዘመ ቁጥር የማምለጫው ጊዜ ያጥራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ እነዚሁ ኦይስተሮች አንዳንድ እርሻ ላይ የሚታወቅ በሽታ ሳይገኝባቸው በበጋ መግቢያ ላይ በብዛት ሞተዋል።

ለምትበሉት አንድ ነገር። ኦይስተሩን የሚገድለው በሽታ እናንተን አይነካችሁም፣ እናንተን የሚጥላችሁ ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ኦይስተሩ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። እሱም ሙቀት ወዳድ ነው። በ2004 የመርከብ ሽርሽር ላይ የነበሩ ሰዎች ጥሬ ኦይስተር በልተው ታመሙ፣ ኦይስተሩ የተመረተው አላስካ ነበር፣ ያውም ለዚህ ባክቴሪያ ይቀዘቅዛል ተብሎ በሚታመን ውሃ። ያን በጋ እርሻው ላይ ያለው ውሃ ከ15 ዲግሪ አልፎ ነበር። ስለዚህ በበጋ አብስላችሁ ብሉት፣ ጉበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ በየትኛውም ወር ጥሬውን አይንካው።